የልጆቻችንን መምህራን ሳይሄዱብን እናመስግን

ይቺን መጽሔት ያነሳችሁት እንጀራ ልትገዙ ገብታችሁ፣ ወይም በርበሬ ስታስመዝኑ ይሆናል። እኔም ከዚያው ሰፈር ነኝ። ኢስት ኮልፋክስ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ፤ 15 ቁጥር አውቶቡስ በበሬ ላይ ነው የሚያልፈው። ጸሐፊ አይደለሁም። ኮሌጅም ጀምሬ ሳልጨርስ ነው ወደ ሥራ የገባሁት። ግን ለብዙ ዓመት በሆዴ ይዤው የቆየሁት ነገር አለ፤ ሜይ ሳያልፍ ልንገራችሁ ብዬ ነው። የሜይ የመጀመሪያው ሙሉ ሳምንት በዚህ አገር መምህራን የሚመሰገኑበት ሳምንት ነውና።

ሐሙስ ማታ የምትመጣው መምህርት

ሐሙስ ሐሙስ ማታ አንዲት መምህርት ምግብ ቤታችን ትመጣለች። ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ትይዝና የጾም በያይነቱ ታዛለች። በቀኝ እጇ እየቆረሰች በግራ እጇ የተማሪ ወረቀት ትገልጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ «ይቺ ልጅ ቤት የላትም እንዴ?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ሄድኩና ጠየቅኳት። ቤቷ ከገባች እንቅልፍ ይጥላታል፤ ወረቀቱ ደግሞ ታርሞ ዓርብ ጠዋት ለልጆቹ መመለስ አለበት። ለዚያ ነው እኛ ጋ የምታመሸው።

ከዕለታት አንድ ሐሙስ ወረቀቶቿን ሰብስባ «አንድ ነገር ታስተምረኛለህ?» አለችኝ። ከማስታወሻ ደብተሯ የስም ዝርዝር አወጣች። ከመካከሉ ቅድስት የሚል ስም አለ። «ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው ‹ኪዲ› ነው የሚላት። እሷም ዝም ብላ ትቀበላለች። እኔ ግን እናቷ እንደምትጠራት መጥራት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ «ቅ»ን ለፈረንጅ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። «ቅ» ስላት «ክ» ትላለች። ደንበኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንድ ታክሲ ነጂ ከወዲያ ሆኖ «ቅቤ በላት፣ ቅቤ! ከእሱ ጀምርላት!» ይላል። በመጀመሪያው ሐሙስ አልሆነም፤ በሁለተኛውም አልሆነም። በሦስተኛው ሐሙስ ወጣላት። «ቅድስት!» ስትል ቤቱ አጨበጨበ።

በሚቀጥለው ሳምንት «እንዴት ሆነ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ስሟን ስጠራ ቀና ብላ አየችኝና ‹አቤት› አለችኝ። ‹አቤት› ማለት ምንድን ነው?»

የጠሩት ሰው የሚመልሰው መልስ ነው ብዬ አስረዳኋት። ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በራሷ ስም ተጠርታ በራሷ ቋንቋ «አቤት» ያለችው ምናልባት ያኔ ገና መጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። መምህርቷ ለዚህ ሥራ ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልከፈላትም። ሦስት ሐሙስ ማታ ፈጅቶባታል።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ብዙ አሰብኩ። እኔ ያላመሰገንኳት መምህርት አለችና።

የእኔ ጥፋት

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የመጀመሪያው ልጃችን አራተኛ ክፍል ነበር። ምግብ ቤቱ ከተከፈተ አራት ዓመቱ ነው፤ ጠዋት የምከፍተው እኔ፣ ማታ የምዘጋው እኔ። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም መጣ። ስልኬ ላይም መልእክት ተተወልኝ። እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቀስ ብዬ ባነበው ይገባኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና ፈርቼ ነው። ትምህርት ቤት ለወላጅ የሚጽፈው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ከመብራትና ከውሃ ሂሳቡ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

ማታ ማታ ደግሞ ልጁን እቆጣዋለሁ። «ምን አድርገህ ነው?» «ምንም።» «ውጤትህ ለምን ወረደ?» ዝም ይላል። ሰነፍ አልኩት። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ።

ሦስት ወር ገደማ እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን በረዶ እየጣለ፣ ወደ ማታ ገደማ፣ አንዲት ሴት ገባች። ሜኑ ይዤ ሄድኩ፣ ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም። የልጄን ስም ጠርታ «አባቱ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። በ15 ቁጥር አውቶቡስ ነው የመጣችው። ደብዳቤዎቹ ሳይደርሱኝ ቀርተው ይሆናል ብላ ገምታ፣ አራተኛውን በእጇ ይዛልኝ መጣች። እኔ ደነገጥኩ። «ምን አጠፋ?» ነው ያልኳት።

«ምንም አላጠፋም። ልጅዎ ሰሌዳው አይታየውም» አለችኝ።

ዓይኑን እያጨነቆረ እንደሚያይ፣ ከጓደኛው ደብተር ላይ እንደሚገለብጥ ካየች ቆይታለች። ፊት ለፊት አስቀምጣዋለች። የሚነበበውን ነገር ሁሉ በትልልቅ ፊደል እያባዛች ስትሰጠው ከርማለች። ዓይን ሐኪም ጋ መውሰድ ግን የእኔ ፈንታ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የጻፈችልኝ እሱን ነበር።

በዚያው ሳምንት መነጽር ገዛንለት። ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ መንገዱ ዳር ቆመና፣ ከኮልፋክስ ማዶ ያለውን የሱቅ ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ አነበበልኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «አባዬ፣ አንተ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚታይህ?» አለኝ። ሰነፍ ያልኩት ልጅ ነው ይህን የሚጠይቀኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

ታዲያ መምህርቷን ምን አልኳት? «ቴንክ ዩ» አልኳት። ምግብ ልጠቅልልሽ ብላት ካልከፈልኩ አልወስድም አለች፤ ከፍላ ወጣች። በቃ ይኸው ነው። «አንድ ቀን ባለቤቴ ድፎ ትደፋለች፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሄደን በደንብ እናመሰግናታለን» አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ትምህርት ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር ላይ ድፎውን ተሸክሜ ሄድኩ። ቢሮ ያለችው ሴት «እዚህ መሥራት አቁማለች» አለችኝ። የቤት ኪራይ ከብዷት ከተማ ለቅቃ መሄዷን የሰማሁት በኋላ ነው። ድፎውን ለቢሮዋ ሴት ሰጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እኛ እንዲህ ነበርን እንዴ?

ማመስገን የማያውቅ ሕዝብ ልጅ ብሆን ባልገረመኝ። እኛ ግን እናውቅበታለን። ደሴ አካባቢ ነው ያደግኩት። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በሚቀጥለው የፈረንጆች ዓመት በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ነው። ስለዚያ ዘመንና ስለ መንግሥቱ ብዙ የሚባል ክፉ ነገር አለ፤ ዛሬ የማነሳው እሱን አይደለም። የማነሳው እናቴን ነው።

እናቴ በቀበሌ አዳራሽ፣ በማሾ ብርሃን፣ ከከተማ የመጣ አንድ ጎረምሳ ፊደል አስቆጠራት። ልጇ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። እሷ ግን «ጋሼ መምህር» ነበር የምትለው። በጣቷ አሻራ ስትፈርም የኖረች ሴት ስሟን ጻፈች። ዘመቻው አልቆ ልጁ ሲሄድ ዳቦ ጋግራ፣ ቆሎ ቆልታ፣ እንቁላል ቀቅላ ለስንቁ ሰጠችው፤ ግንባሩን ስማ መርቃ ሸኘችው። እንግዲህ አስቡት፤ ማንበብ ያልቻለችው እናቴ መምህሯን በጊዜው አመሰገነች። በሁለት ቋንቋ የማነበው እኔ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩ።

አጎቴ ደግሞ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ያስተማሩት አሜሪካኖች ነበሩ። የሰላም ጓድ፣ ፒስ ኮር የሚባሉት። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ ወጣት አሜሪካውያን ኢትዮጵያ ገብተው በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ፤ አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ። የተማሪዎቻቸውን ስም መጥራት አይችሉም ነበር። ተማሪዎቹም የእነሱን እንግሊዝኛ ለመስማት ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። የሰፈሩ ሰው ግን ብቻቸውን አልተዋቸውም። አውዳመት ሲሆን አያቴ ለአጎቴ መምህር ዶሮ ወጥና እንጀራ ትልክ ነበር፤ ተሸካሚው አጎቴ ነው። «እንግዳ ነው፣ እናቱ ሩቅ ናት» ትል ነበር አሉ።

ያኔ እንግዳው መምህሩ ነበር፣ ባለአገሩ እኛ። ዛሬ ተገላብጦ እንግዶቹ እኛ ሆነናል። ግን እንግዳ ሆንን ብለን ሰው ማስተናገድ ረሳን እንዴ?

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። አገር ቤት መምህርን ማክበር ማለት በሥራው አለመግባት ነበር። እናቴ አንደኛ ክፍል ስታስገባኝ መምህሩን «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» አለቻቸው። ምቱት፣ ቅጡት፣ ዓይኑን ብቻ አታጥፉብኝ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ደርሳ አታውቅም። ያ አክብሮት ነበር። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሁሉም ሰው ይገባው ነበር። እኛም ያንኑ አክብሮት ሻንጣችን ውስጥ ከትተን ይዘነው መጣን። እዚህ ግን ትርጉሙ ተለወጠ። አንድ ሐሙስ ያቺ መምህርት እንዲህ አለችኝ፦ «የወላጆች ኮንፈረንስ ማታ ባዶውን ወንበር ሳይ፣ ወይ እኔን አልወደዱኝም፣ ወይ የልጁ ነገር አያሳስባቸውም ብዬ አስብ ነበር።»

እኛ አክብረን ዝም ያልነው፣ እሷ ጋ ሲደርስ ቸልታ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ይህንን ነው ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት። ያለፈውንም ሆነ የሚከተለውን ብትረሱት ይህቺን ብቻ ያዙልኝ።

የማናየው ሥራ

ምግብ ቤት የገባ ሰው ትሪውን ነው የሚያየው። ሌሊት የተቦካውን ሊጥ፣ ለሰዓታት የተቁላላውን ሽንኩርት አያይም። የመምህርም ሥራ እንደዚያው ነው። ልጁ የሚያወራልን «ዛሬ ሒሳብ ተማርን» ብቻ ነው።

አውሮራን ብቻ ውሰዱ። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ልጆች ከ160 በላይ ቋንቋ ይናገራሉ። አንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ስፓኒሽ፣ ኔፓሊኛና በርማኛ የሚናገሩ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መምህሯ አንዷ ናት። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች በየዓመቱ ክረምቱ ላይ አክሰስ የሚባል ፈተና አለ፤ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ አራቱም ይፈተናሉ። ስፕሪንግ ላይ ደግሞ የስቴቱ ፈተና ይመጣል። መምህሯ ይህን ሁሉ እየፈተነች የዕለቱ ትምህርት እንዳይቆም ታደርጋለች። በመካከሉ አንዱ ልጅ ቁርስ ሳይበላ መጥቷል። አንዷ ትናንት ማታ ከአገር ቤት መርዶ ሰምታ ነው የመጣችው። ይህንንም ከፊታቸው ላይ ማንበብ አለባት።

ገንዘቡንም እንይ። ታክስ ስትሠሩ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የፌዴራሉ ፎርም ላይ ለመምህራን የተተወች መስመር አለች። ለክፍላቸው ከኪሳቸው ካወጡት የተወሰነው ከገቢያቸው ላይ እንዲቀነስላቸው ይፈቅዳል። ለዓመታት እስከ 250 ዶላር ነበር፤ በ2022 ወደ 300 ከፍ አለ። አስቡት፤ መምህር ከኪሱ እርሳስ፣ ወረቀት፣ መሐረብ እንደሚገዛ መንግሥትም ስለሚያውቅ መስመር አዘጋጅቶለታል። እኔ ለአስተናጋጆቼ «ሳህኑን ከቤታችሁ አምጡ» ብል አንድ ቀን የሚያድርልኝ ሠራተኛ አላገኝም።

ኮቪድንም እናስታውስ። በማርች 2020 ምግብ ቤቶች ወንበራቸውን አንስተው የሚወሰድ ምግብ ብቻ እንዲሸጡ ሲታዘዝ፣ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ትንሿ ልጃችን ኪንደርጋርተን ነበረች። ባዶው ምግብ ቤት ውስጥ፣ እኛ እንጀራ ስንጠቀልል፣ እሷ ታብሌት ይዛ ትቀመጣለች። መምህርቷ ከራሷ ኩሽና ሆና፣ የራሷን ሕፃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትዘፍንላቸው ነበር። የኔ ልጅ ድምጹ እየጠፋባት ስታለቅስ፣ መምህርቷ ማታ መልሳ ደውላ ለብቻዋ ታስነብባት ነበር። ልጄ ማንበብ የጀመረችው በዚያ ዓመት ነው። እኛ እኮ ሥራችን ተቃውሶ የት እንዳለን እንኳ አናውቅም ነበር።

ሻማ ነው አትበሉኝ

አገር ቤት «መምህር ሻማ ነው፤ ለሌላው እያበራ ራሱ ይቀልጣል» እንላለን። አባባሉ ያምራል። እኔ ግን መስማት ትቻለሁ። ቀልጦ ያለቀ ሻማ ክፍሉን ጨለማ ላይ ጥሎት ነው የሚሄደው። የልጄ መምህርት እንደዚያ ነው የሄደችው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 የዴንቨር መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከ11 እስከ 13፣ ሦስት ቀን ነው። ከ1994 ወዲህ፣ ከ25 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ያኔ ከዮሴሚቲ ጎዳና ወዲህ፣ በዴንቨር በኩል ነበር የምንኖረው። የትንንሾቹ ክፍል ስለተዘጋ የአራት ዓመቷ ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከሂሳብ መቀበያው ሥር፣ ቀለም ስትቀባ ዋለች። እውነቱን ልንገራችሁና ተናድጄ ነበር። «እኛ በዓል የለን፣ ዓመት የለን እንሠራለን፤ እነሱ ምን ሆኑ?» አልኩ።

በሁለተኛው ቀን አራት መምህራን ቀይ ለብሰው፣ በብርድ ደንዝዘው ሻይ ሊጠጡ ገቡ። ጠየቅኳቸው። የደመወዛቸው አንዱ ክፍል በጉርሻ፣ በቦነስ የሚከፈል ነው። ቦነሱ ደግሞ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። የዛሬ ዓመት ስንት እንደሚያገኙ ቁርጡን አያውቁም። ይህ እንኳ ለእኔ ማስረዳት አላስፈለገውም። በቲፕ የሚኖር አስተናጋጅ ኪራይ ሲደርስ እንዴት እንደሚጨነቅ በየወሩ አያለሁ። የሻዩን አልተቀበልኳቸውም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስምምነት ተደረሰ፤ ደረጃው ግልጽ የሆነ፣ ወደፊት የሚያገኙትን የሚያሳይ የደመወዝ መሰላል ወጣላቸው።

ለእኛ ደግሞ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ሥራ አቁመው ነበር፤ በዚያው ዕለት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ የተነሳ አቁመዋል። መምህራኑ የደመወዝ ብቻ ሳይሆን «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የተባለው ዕቅድ የድሃውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት ያስቀረዋል የሚል ጥያቄም ነበራቸው። ዕቅዱ ቀረ። መምህር ለራሱ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ለልጆቻችንም እየጠየቀ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አልነግራችሁም። እኔ ዘግይቼ የተማርኩትን ነው።

አንደኛ፣ ኮንፈረንስ ሂዱ። አባቶች፣ በተለይ እናንተን ነው። ለእናትየው የምንተወው ነገር አይደለም። ሺፍት ካለባችሁ «በዚህ ሰዓት አልችልም፣ በስልክ ይሁንልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ መምህራን ሰዓት ያስተካክላሉ።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ ለወላጁ በነፃ ነው። ልመና አይደለም፣ መብት ነው። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ጥፋት እውነቱን ያስተረጉማል ብላችሁ ነው? ስለ ራሱ ጉብዝናም ቢሆን አፍሮ ይዘለዋል።

ሦስተኛ፣ ደብዳቤውን ክፈቱት። ካልገባችሁ ወደ እኔ አምጡት፣ ቡና እየጠጣን እናነበዋለን። ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት ደብዳቤ የልጄ ዓይን ነበር።

አራተኛ፣ ጻፉ። «ልጄ ቤት መጥቶ ስለ ትምህርቱ ያወራል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉና ልጃችሁ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ይተርጉመው። ይህኛውን መተርጎም ግን የልጅ ሥራ ነው። ያቺ የሐሙሷ መምህርት ቦርሳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛ ትዞራለች። ሦስት መስመር ናት። አማርኛውን ማንበብ ባትችልም ፊደሉን በጣቷ እየነካች አሳይታኛለች።

አምስተኛ፣ ምግብ መውሰድ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ወተት የማይስማማቸው ልጆች አሉ። ለመምህሯ ለራሷ ግን ትንሽ ድፎ፣ አንድ ከረጢት የተቆላ ቡና ይበቃል። ትልቅ ስጦታና ጥሬ ገንዘብ ሰው ያሳፍራል፣ ተዉት።

ስድስተኛ፣ ሜይ እስኪመጣ አትጠብቁ። ኦክቶበር 5 ከ1994 ጀምሮ የዓለም የመምህራን ቀን ነው። ካለፋችሁ ደግሞ ተራ ማክሰኞም ይሆናል።

ደግሞ እናንተ ብቻችሁን አትሸከሙት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። በአንድ ክፍል አምስት የሐበሻ ቤተሰብ ካለ፣ አንዱ ዳቦውን፣ አንዱ ቡናውን፣ አንዱ ፈንዲሻውን ይያዝ። ሰላሳ ደቂቃ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ልጄን የበደለች መምህርትም አለች እኮ» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፣ አለች። በእኛም ቤት ልጄን ሳታውቀው «አይችልም» ብላ የደመደመች ገጥማናለች። እሱንም ቢሆን መናገር ያለብን ሄደን ነው፣ በአስተርጓሚ፣ በአክብሮት። ጥሩውን አመስግኖ የሚያውቅ ወላጅ ቅሬታ ሲያቀርብ ይደመጣል።

ልጆች፣ ይህ ደግሞ ለእናንተ ነው

አማርኛ ማንበብ የምትችሉ ራሳችሁ አንብቡት፤ የማትችሉ እማዬ ወይም አባዬ ያንብብላችሁ።

መምህራችሁ ስማችሁን አጣማ ከጠራች አትፈሩ። «ሚስ፣ እንዲህ ነው የሚባለው» በሏት። አንዴ ካልወጣላት ሁለቴ። እኔ የማውቃት መምህርት ሦስት ሐሙስ ፈጅቶባታል፤ ወጥቶላታል። ዛሬ ማታ ደግሞ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ መምህራችሁ በዚህ ዓመት ያስተማረቻችሁን፣ ድሮ የማታውቁትን አንድ ነገር ለወላጆቻችሁ ንገሩ። ሁለተኛ፣ ነገ ከክፍል ስትወጡ በሩ ላይ ቆም ብላችሁ «አመሰግናለሁ» በሏት። በአማርኛ! ምን ማለት ነው ብላ ትጠይቃችኋለች። ያኔ አስተማሪዎቹ እናንተ ትሆናላችሁ።

እናንተም ወላጆች፣ ልጆቹ ፊት መምህራቸውን አታሙ። «ይቺ ምን ታውቃለች» ብለን እራት ላይ ያልነው ነገር ጠዋት ክፍል ድረስ ይሄዳል።

ለመሰናበት

በዚህ ሜይ፣ በመምህራን ሳምንት ማክሰኞ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ምግብ ቤታችን በር ላይ ጀበናው ይጣዳል። መምህር የሆነ ሁሉ ገብቶ ሦስቱን ስኒ፣ አቦል ቶና በረካውን ይጠጣል፤ ሂሳብ የለም። እናንተም የልጃችሁን መምህርት ይዛችሁ ኑ። በእንግሊዝኛ የምትሉት ቢጠፋችሁ ስኒውን በሁለት እጃችሁ ስጧት፣ ይገባታል።

የልጄ የአራተኛ ክፍል መምህርት ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ልጄ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ እስከ ዛሬ መነጽሩን ሲጠርግ ባየሁት ቁጥር አስታውሳታለሁ። አማርኛ አታነብም፤ ይህ ጽሑፍ አይደርሳትም። ለእናንተ የጻፍኩት ለዚያ ነው። የእናንተ ልጅ መምህርት ገና አልሄደችም።